ነባሮቹ እያደሱ አዲሶቹ የት ቀሩ?

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ደሴ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ቅርንጫፍ የሽያጭ ኃላፊ ነኝ። የምንሸጠው የወተት ላም መድን ነው። ላሟ በበሽታ ወይም በአደጋ ከሞተች ካሳ እንከፍላለን። አምስት የሽያጭ ሠራተኞች አሉኝ፤ ሁለቱ ደሴ ዙሪያ፣ ሁለቱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ሐይቅ። እስከ ጥር ድረስ በወር 40 ገደማ አዲስ ደንበኛ እናስመዘግብ ነበር። የካቲት ላይ 17 ሆነ፣ መጋቢት ላይ 11። የነባሮቹ እድሳት ግን አልቀነሰም።

ሥራ አስኪያጃችን ልጆቹ ሰንፈዋል ይላል። ማስረጃው የሐይቁ ልጅ ነው፤ እሱ እንደ ድሮው ያመጣል። ሒሳብ ክፍል ዋጋ ነው ይላል፤ አረቦኑ (ደንበኛው ለመድኑ የሚከፍለው) መስከረም ላይ ጨምሯል። ሌላው ጾሙ ነው ይላል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሐይቅ አካባቢ አንድ ደንበኛ ካሳ ተከልክሎ ብዙ ተወርቶብናል። ከየካቲት 1 ጀምሮ ምዝገባው ከወረቀት ወደ ስልክ መተግበሪያ ዞሯል። የላሟን ፎቶ፣ የሐኪም ወረቀትና በስልክ የሚላክ ኮድ ይጠይቃል፤ ሥራው ግን ፈጥኗል ተብሏል። አሁን ሥራ አስኪያጁ ለደሴዎቹ ሁለት ልጆች ማስጠንቀቂያ እንድጽፍ፣ ለአዲስ ደንበኛም ቅናሽና የሎተሪ ዕጣ እንድናወጣ አዞኛል። ምን ላድርግ?

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ ማስጠንቀቂያውን አሁን አትጻፊ። ምክንያቱን ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዘበት ጣል ያደረግሻቸው ሦስት ነገሮች አሉ። እድሳቱ አልቀነሰም። ሐይቅ አልወረደም። ምዝገባው ከየካቲት 1 ጀምሮ ተቀይሯል። ቢሮአችሁ ውስጥ የሚነሳውን ክርክር ሁሉ በእነዚህ በሦስቱ መፈተን ይቻላል። እስካሁን ማንም አልፈተነውም እንጂ።

መጀመሪያ ግን የወደቀው ቁጥሩ ነው ወይስ የተቀየረው አቆጣጠሩ? በወረቀት ስትሠሩ አንድ ሰው ተመዘገበ የሚባለው መቼ ነበር? ፎርሙን የፈረመ ዕለት ነው ወይስ የከፈለ ዕለት? አሁንስ? ሲስተም ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ውሉ ጸድቆ የፖሊሲ ቁጥር ሲወጣለት ነው። በመሀል አሥርና አሥራ አምስት ቀን ካለፈ፣ የካቲት ላይ የተጀመረው ሰው መጋቢት ላይ ይቆጠራል። ይህ የካቲትን ሊያሳንሰው ይችላል። መጋቢት ላይ ግን ከየካቲት የተሻገረው ስለሚጨመር ቁጥሩ መመለስ ነበረበት። አልተመለሰም፤ ጭራሽ ወረደ። ስለዚህ አቆጣጠሩ ብቻውን ጥፋተኛ አይመስለኝም።

ቢሆንም የአይቲ ሰዎቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ። ተጀምረው ያላለቁ ምዝገባዎች የት ነው የሚሄዱት? አንዳንድ ሲስተም የተወሰነ ቀን ካለፋቸው በራሱ ያጠፋቸዋል። ሪፖርት ላይ አይታዩም። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ ስድስት ሰው ቢያስጀምርና አንዱም ባያልቅ፣ አለቃሽ የሚያየው ዜሮ ነው። ዜሮ ያየ አለቃ ደግሞ ልጆቹ ሻይ ቤት የዋሉ ይመስለዋል።

አጋጣሚ ይሆን? ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን አጋጣሚ ብዙ ያወዛውዘዋል። በወር 40 የለመደ ቅርንጫፍ አንድ ወር 32፣ ሌላ ወር 48 ቢያመጣ ምክንያት መፈለግ አያሻም። 17 እና ተከትሎት 11 ግን አጋጣሚ አይደለም፤ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ይህን የምልሽ ለሌላም ነገር ነው። በወር 8 የሚያመጣ አንድ ሠራተኛ አንድ ወር 4 ቢያመጣ፣ ያ ቁጥር ብቻውን ስለ ልጁ ጉብዝና ምንም አይነግርሽም። የቅርንጫፉ መውረድ እውነት ነው። የእገሌ ስንፍና ግን ከዚያ ቁጥር አይወጣም።

አሁን ተከሳሾቹን በየተራ እንያቸው።

ዋጋው መስከረም ላይ ነው የጨመረው። ጥቅምትን፣ ኅዳርን፣ ታኅሣሥንና ጥርን ዝም ብሎ አሳልፎ የካቲት ላይ የሚነቃ ዋጋ የለም። ደግሞም ነባሮቹ የሚያድሱት በዚያው በአዲሱ ዋጋ ነው። ዋጋ ያስመረረው ሰው መጀመሪያ የሚቀረው ከእድሳት ነው። ዓመቱን ሙሉ ከፍሎ፣ ላሙ ደኅና ከርማለት፣ "ገንዘቤን በላችሁኝ" የሚለው እሱ ነዋ። አንድ ነገር ብቻ ለይተሽ እዪ። ከአበዳሪ ተቋም ገንዘብ ወስደው ላም የገዙና መድኑ ግዴታ የሆነባቸው ካሉ ለብቻቸው ቁጠሪያቸው። እነሱ የሚያድሱት ስለሚገደዱ ነው፤ ስለ ዋጋው የሚመሰክሩት ነገር የለም። አዲሶቹም ውስጥ ስንቱ በአበዳሪ በኩል ይመጣ እንደነበር ተመልከቺ። አበዳሪው የላም ብድር ማቆሙን ማንም ሳይነግርሽ ቀርቶ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ሐተታዬ ከንቱ ነው።

ጾሙ ግን የዋዛ ተጠርጣሪ አይደለም። ዘንድሮ፣ በ2018፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ገባ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት። በ55ቱ ቀን የክርስቲያኑ ቤት ወተት አይገዛም፤ ወተት ሻጩ እጁ ያጥረዋል። እጁ ያጠረው ሰው ደግሞ አረቦን አይከፍልም። እኛ ጋ ግን አገሩ ወሎ ነው። ጎረቤቱ በረመዳን ሲያፈጥር ወተት ይፈልጋል። ስለዚህ ገበያው ሌላ ቦታ እንደሚወርደው ላይወርድ ይችላል። መገመት አያስፈልግሽም፤ መዝገብ አለሽ። የካቲት 1 እና የካቲት 9 መሀል ስምንት ቀን አለ። ጾሙ ገና አልገባም፣ መተግበሪያው ግን ገብቷል። በድሮው ፍጥነታችሁ በስምንት ቀን አሥር፣ አሥራ አንድ ሰው ይመዘገባል። ስንት ተመዘገበ? ሦስት ከሆነ ጾሙ ነፃ ወጣ ማለት ይቻላል። ስምንት ቀን አጭር ነውና ብቻውን ዳኛ አይሁን፤ አምናንም ጨምሪበት። በ2017 ሁለቱም ጾሞች የገቡት በየካቲት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ስለዚህ የአምናው መጋቢት ሙሉ ለሙሉ ጾም ላይ ነበር። ያኔ ምዝገባችሁ ካልወረደ ዘንድሮ ጾሙን የምትከሱበት ምክንያት የለም።

ወሬውስ? ካሳ የተከለከለ ሰው ታሪክ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ይሮጣል። ከአቦል እስከ በረካ ሳይደርስ ሰፈሩን ያዳርሳል። "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" እያሉ ሲስቁባችሁ ይታየኛል። ነገር ግን ታሪኩ የተፈጸመው ሐይቅ ነው። ወሬ የሚጎዳ ቢሆን መጀመሪያ የሚጎዳው ሐይቅን ነበር። ሐይቅ ደግሞ ያልወረደ ብቸኛው ቦታ ነው። ይህ ማለት ጉዳዩን ተዪው ማለት አይደለም። ሰውዬው ለምን እንደተከለከለ በግልጽ ካልተነገረው ሄዳችሁ ንገሩት። ይህ ግን ለየካቲቱ መውረድ መልስ አይሆንም።

የቀረው መተግበሪያው ነው። እኔ እሱን እጠረጥራለሁ። የሚነካው አዲሱን ደንበኛ ብቻ ነው፤ የሚያድሰው ሰው ላሙም ስሙም መዝገብ ላይ አለ። የገባበትና ቁጥሩ የወረደበት ቀንም ይገጥማል። ሥራው ፈጥኗል ሲሉ ግን ለማን እንደፈጠነ አልነገሩሽም። ለዋናው መሥሪያ ቤት ፈጥኖ ይሆናል፤ ወረቀት ከመገልበጥ ድኗል። ደጃፍ ላይ የቆመችው ደንበኛስ?

እንበልና ገራዶ ያሉ አንዲት እናት አንድ ዲቃላ ላም አላቸው። ጠዋት አልበው ወተቱን ለሰብሳቢው አስረክበው ሲመለሱ ያንቺ ልጅ ደጃቸው ላይ ይጠብቃቸዋል። ያስረዳቸዋል፣ ይስማማሉ። ድሮ ቢሆን ፎርሙን እዚያው ይሞላል፣ ይፈርማሉ፣ አለቀ። አሁን ስልኩን ያወጣል። "ጆሮዋ ላይ የተንጠለጠለውን መለያ ቁጥር በግልጽ ፎቶ አንሱ" ይላል መተግበሪያው። በረቱ ጨለማ ነው። ላሟ እንግዳ ሰው አይታ ጭንቅላቷን ታወናጭፋለች። አንዱ ፎቶ ደበዘዘ። ሌላው ላይ የቁጥሩ ግማሽ በጭቃ ተሸፍኗል። ፍላሹ ሲበራ ደንብራ እናትየውን ልትረግጣቸው ምንም አልቀራት። እንደምንም ፎቶው አለፈ። ቀጥሎ የሐኪም ወረቀት። የእንስሳት ክሊኒክ ሲሄዱ ሐኪሙ ለክትባት ገጠር ወጥቷል፤ ሰኞ ይምጡ ይሏቸዋል። ሰኞ የደሴ ገበያ ነው፤ ማን ገበያውን ትቶ ክሊኒክ ይሰለፋል? በሌላ ቀን የባጃጅ ከፍለው ወረቀቱን አመጡ። ኮዱ ቀረ። ስልኩ እጃቸው ላይ ነው፤ ሲም ካርዱ ግን ጅዳ ባለችው ልጃቸው ስም የወጣ ነው። "ስሙ ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም" ብሎ ይመልሳቸዋል።

እኚህ እናት እምቢ አላሉም። ዋጋው አልተወደደባቸውም። ወሬም አልሰሙ። ጾም ላይም ቢሆኑ ብሩን ቋጥረው ይዘዋል። ግን አልተመዘገቡም። ያንቺም ልጅ አልሰነፈም።

የእናንተ መተግበሪያ በትክክል እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ደንበኛው የቱ ጋ ቆሞ እንደቀረ የሚታወቀው ግን በየደረጃው ሲቆጠር ነው። ልጆቹን ሰብስቢና ደብተራቸውን አውጡ። ስንት ሰው አናገሩ፣ ስንቱ እሺ አለ፣ ስንቱ ፎቶው አለፈለት፣ ስንቱ የሐኪም ወረቀት አመጣ፣ ስንቱ ኮዱን አስገባ፣ ስንቱ ከፈለ። ጥርንና መጋቢትን ጎን ለጎን አድርጊ፤ በወረቀቱ ዘመን ያልነበረውን ደረጃ ባዶ ተዪው። ያናገሩት ሰው ቁጥር ራሱ በግማሽ ከወረደ፣ እውነትም ልጆቹ ወይም መንገዱ ወይም ትራንስፖርቱ ላይ ችግር አለ፤ እኔም ቃሌን አነሳለሁ። ያናገሩትና እሺ ያላቸው ሰው እንደ ድሮው ሆኖ ወረቀቱ ላይ ከተቆረጠ ግን በሽታው ታወቀ። ይህን ስታደርጊ ልጆቹን አታስፈራሪ። ቁጥሩ ለቅጣት መሆኑን ከጠረጠሩ ያናገሩትን ሁሉ ሦስት እጥፍ አድርገው ይጽፉልሻል።

ከዚያ እሺ ብለው ከቀሩት ውስጥ ለአሥር ያህሉ ራስሽ ደውዪ። "ለምን አልገዙም?" ብለሽ አትጠይቂ። የኛን ሰው ታውቂዋለሽ፤ ፊት ለፊት እምቢ አይልሽም። "ኢንሻአላህ፣ እናስብበታለን"፣ "እግዜር ከፈቀደ ከፋሲካ በኋላ" ይልሻል። በጨዋ ደንብ ሸኘሽ ማለት ነው፤ አንቺ ደግሞ "ጾሙ ነው" ብለሽ ትጽፊያለሽ። አንዱ ተጠርጣሪ የተወለደው እንዲህ ይመስለኛል። ስለዚህ ስለ ሐሳባቸው ሳይሆን ስላደረጉት ጠይቂ። ክሊኒክ ሄዱ? ሐኪሙን አገኙት? ስንት አስከፈላቸው? ስልኩ በማን ስም ነው? መልሱ ራሱ ይናገራል።

ሐይቅን ደግሞ በስልክ አትጨርሺው። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሄደሽ ከልጁ ጋር አንድ ቀን ዋይ። አለቃሽ "እሱ ከቻለ ሌሎቹም ይችላሉ" ይላል። እኔ የምለው፣ እሱ በየት በኩል እንደቻለ እንይ። ምናልባት ክሊኒኩ ለሱ ቅርብ ነው፣ ሐኪሙም አብሮት ይወጣል። ምናልባት ፎቶውን ላሟ ውጭ ስትታሰር ነው የሚያነሳው። ምናልባትም ኮዱ በራሱ ስልክ እንዲመጣ እያደረገ ነው። የመጨረሻው ከሆነ በሰው ፊት አትቆጪው፤ እንቆቅልሹን የፈታልሽ እሱ ነው። ነገር ግን ቶሎ አስተካክሉት። ነገ ላም ስትሞት ድርጅቱ የሚደውለው መዝገቡ ላይ ባለው ቁጥር ነው። የልጁ ቁጥር ከሆነ፣ ልጁ ሥራ የለቀቀ ዕለት ያ ሁሉ ደንበኛ ይጠፋል።

መተግበሪያው ጥፋተኛ ሆኖ ቢገኝ ምርመራውን ሁሉ አንሱ አልልሽም። ከብት መድን ውስጥ መጀመሪያ የሚሮጠው ላሙ የታመመችበት ሰው ነው። ያለ ሐኪምና ያለ ጆሮ ቁጥር ብትሸጡ የታመመችውም የሞተችውም ይመዘገባል፤ ካሳው አረቦኑን በልቶ ሁለተኛ ዓመት ላይ ቅርንጫፉ ይዘጋል። ይህ የሁሉም አገር ጣጣ ነው። ስዊድን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ ለፈረስና ለከብት መድን ይሸጣል፤ ዛሬ ፈረንጅ ለውሻና ለድመቱ ሲገዛም የሕመም ሽፋኑ እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ገደማ መጠበቅ የተለመደ ነው። ምርመራውን ጨርሶ ማስቀረት የተቻለው ሌላ ዓይነት መድን ላይ ነው። ቦረና ላይ በ2004 የተጀመረው ላሟን አያይም፤ ድርቁን በሳተላይት ከሚታየው የግጦሽ ልምላሜ ለክቶ ይከፍላል። የሚሸጠውም በዓመት ሁለቴ፣ ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት ብቻ ነው። የእናንተው ላም በላም ስለሆነ ሐኪሙ ይቆያል።

መቆየት ያለበት ግን ምርመራው ነው፤ የእናትየው ምልልስ አይደለም። ሐኪሙ በሳምንት አንድ ቀን ወተት መሰብሰቢያው አካባቢ ይምጣ። ጥርሷን አይቶ ዕድሜዋን ይገምት፣ ጡቷን ይዳብስ፣ ወረቀቱን እዚያው ይጻፍ። የጆሮው ቁጥር ይታጠብና ጠዋት ፀሐይ ላይ ፎቶ ይነሳ። አበሉን ድርጅቱ ይክፈል፤ ለሎተሪው ከታሰበው ብር ያነሰ ይመስለኛል። የስሙን ጉዳይ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚፈታው። ወሎ ውስጥ ስንቱ ቤት ስልኩ አረብ አገር ባለ ልጅ ስም እንደሆነ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ላይመጣለት ይችላልና ጻፉላቸው። እስከዚያ በቀበሌ መታወቂያና በጣት አሻራ እንዲያልፍ ፈቃድ ጠይቁ።

ቅናሹና ሎተሪውስ? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ። ደንበኛው የሚቀረው ወረቀቱ ላይ ከሆነ፣ ዕጣ ብታወጡ ያው በር ላይ የሚቆመው ሰው ይበዛል እንጂ አያልፍም። ቅናሹ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፤ እድሳት የከፈሉት ነባሮች ሲሰሙ "እኛስ?" ይሏችኋል። ደኅና የነበረውን እድሳትም ታበላሻላችሁ።

ለሥራ አስኪያጅሽ የምታቀርቢው አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ የጥርና የመጋቢት ደረጃ በደረጃ ቁጥር፣ ቀጥሎ ከየካቲት 1 እስከ 8 ያለው ምዝገባ፣ ከሥሩ የሦስቱ ቦታዎች ቁጥር ለየብቻ። "ልጆቹ አልሰነፉም" ብለሽ አትከራከሪው፤ እልህ ይጋባል። ይልቅ አንድ ሙከራ አስፈቅጂው። ለአንድ ወር ኮምቦልቻ እንዳለ ይቀጥል፤ ደሴ ዙሪያ ላይ ሐኪሙ ከልጆቹ ጋር ይውጣ። ደሴ ተነስቶ ኮምቦልቻ እዚያው ከቀረ ማንም አይከራከርም። ሁለቱም አብረው ከተነሱ ጾሙ በመፈታቱ ይሆናልና ሐኪሙን ለማመስገን አትቸኩሉ። ሁለቱም ካልተነሱ ሐሳቤ ስቷል፤ የቁጥሩን ገጽ ይዘሽ እንደገና ጻፊልኝ።

ማስጠንቀቂያውን በተመለከተ፣ ሙከራው እስኪያልቅ ይቆይልኝ በይው፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ። አንዴ የሠራተኛ ማኅደር ውስጥ የገባ ደብዳቤ ጥፋቱ የመተግበሪያው ሆኖ ቢገኝ እንኳ በቀላሉ አይወጣም። ሁለቱን ልጆችም ዛሬውኑ አስጠሪና ያላለቁላቸውን ደንበኞች ስም ዝርዝር ተቀበያቸው።